አንድ ቡድን፣ ሦስት ደረጃ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር፣ ለግማሽ ማራቶንና ለማራቶን አብሮ መዘጋጀት ይቻላል?

ንጋት_ሯጭ
ሰላም ለሁላችሁም። ጠዋት ጠዋት አብረን የምንሮጥ የጓደኛሞች ቡድን አለን፤ ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ ነኝ። እስካሁን ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር እንሮጥ ነበር። አሁን ከአራት ወር በኋላ ለሚካሄድ ውድድር ተመዝግበናል፤ በዕለቱ 5 ኪሎ ሜትርም፣ ግማሽ ማራቶንም፣ ሙሉ ማራቶንም አለ። ከመካከላችን ገና ሩጫ የጀመሩ አሉ፤ ግማሽ ማራቶን ደጋግመው ሮጠው ሰዓታቸውን ማሻሻል የሚፈልጉ አሉ፤ ሁለቱ ደግሞ 42.195ቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞክሩ ነው።

ለእያንዳንዱ ለየብቻ ፕሮግራም ላውጣ ወይስ አንዱን መጠኑን እየቀያየርኩ ለሁሉም ልስጥ? ቡድኑ እንዲበተን አልፈልግም፤ ብዙዎቹን በጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ሌላው እየጠበቃቸው መሆኑን ማወቃቸው ነው። በሌላ በኩል ጀማሪው ጠንካራውን እከተላለሁ ብሎ እንዳይጎዳ እፈራለሁ።

ዝግታ
ቡድኑን አትበትነው ወንድሜ። አሰልጣኝ ሆኜ ከሠራሁበት ልምድ የምነግርህ፣ የሦስቱም መሠረት አንድ ነው፤ አብዛኛው ሩጫ ቀላል፣ ጥቂቱ ጠንካራ፣ በመካከሉ በቂ ዕረፍት።

የኒውዚላንዱ አሰልጣኝ አርተር ሊዲያርድ የ800 ሜትር ሯጩን ፒተር ስኔልን ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዳገታማ መንገድ ላይ ከረጅም ርቀት ሯጮቹ ጋር ያስሮጠው ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. የሮም ኦሎምፒክ ስኔል በ800 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ ሙሬይ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር አሸነፈ፤ አበበ ቢቂላ ባሸነፈበት ማራቶን ደግሞ ባሪ ማጊ ሦስተኛ ወጣ። ሦስት የተለያየ ርቀት፣ አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ መንገድ። ርቀቱ ሲለያይ የተለያየው ውድድሩ ሲቃረብ የሚጨመረው ልምምድ ብቻ ነበር።

ልዩነቱ እያንዳንዱን ወደ ኋላ የሚይዘው ነገር ላይ ነው። ጀማሪውን የሚይዘው ጅማቱና አጥንቱ ነው፤ ልቡና ሳንባው በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ግማሽ ማራቶን የለመደውን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ቀላል መሆን ያለበትን ቀን አፍጥኖ መሮጡ ነው። ለመጀመሪያ ማራቶን የሚዘጋጀውን ደግሞ ሁለት ነገር ይይዘዋል፦ እግሩ ለረጅም ሰዓት መሬት መምታትን አለመልመዱና በጡንቻው ያለው ስንቅ ከ30 ኪሎ ሜትር ወዲያ ማለቁ።

ስለዚህ ልምምዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ስጥ። አብረን እንሮጣለን ስትሉ ጎን ለጎን መሮጥ ማለት አይሁን። ሁሉም በራሱ ፍጥነት ለምሳሌ 20 ደቂቃ ወደ ፊት ይሂድ፤ 20 ደቂቃው ሲሞላ ያለበት ቦታ ላይ ይዙር። ፍጥነቱን ካልቀየረ ፈጣኑም ዘገምተኛውም መነሻው ቦታ ላይ እኩል ይደርሳሉ። ማራቶን የሚሮጡት ከዚያ በኋላ ይቀጥላሉ።

ጀማሪዋ
እኔ እንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ካሉት ጀማሪዎች አንዷ ነኝ ማለት እችላለሁ። ሁሉም ሰው «ቀስ ብለሽ ሩጪ» ይለኛል። ግን ቀስ ብዬም ሁለት ደቂቃ ሳልሮጥ ትንፋሼ ይቆረጣል። ከዚህ በላይ ቀስ ማለት መራመድ ነው። መራመድ ደግሞ ልምምድ ይባላል ወይ?

ዝግታ
ይባላል እህቴ፣ በደንብ ይባላል። ትንፋሽሽ የሚቆረጠው ገና ያልለመደ ሰው ላይ ቀላል የሚባል የሩጫ ፍጥነት ስለሌለ ነው፤ ማንኛውም ሩጫ ለሰውነትሽ ጠንካራ ነው። መፍትሔው ሩጫውን መከፋፈል ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የተወዳደረው ጄፍ ጋሎዌይ ሩጫን ከእርምጃ ጋር ቀላቅሎ እጅግ ብዙ ጀማሪዎችን ለማራቶን አብቅቷል።

አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሩጪ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመጂ፤ ስምንት ጊዜ ያህል ድገሚው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፍሽ። መራመድ የምትጀምሪው ትንፋሽሽ ካለቀ በኋላ መሆን የለበትም፤ ደቂቃው ሲሞላ፣ ገና አቅም እያለሽ ነው። ይህን ብዙ ሰው አይጠብቀውም፤ ውጤቱን የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ሳምንቱ ሳይከብድሽ ካለፈ የሩጫውን ደቂቃ ጨምሪ፤ ከከበደሽ ያንኑ ሳምንት ድገሚው። እየሮጥሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ፍጥነትሽ ትክክል ነው።

ፊዚዮ
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ዝግታ ስለ ጅማትና አጥንት ያለው ላይ ልጨምር። ጀማሪዎች ወደ እኔ የሚመጡት መጀመሪያው ሳምንት ላይ አይደለም። ትንፋሹ ተስተካክሎ «አሁንማ ለመድኩት» ብለው በእጥፍ መሮጥ ሲጀምሩ ነው። አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል አፍርሶ በኋላ ነው አዲሱን የሚሠራው፤ በመካከሉ ለተወሰነ ጊዜ ከበፊቱ ይልቅ ደካማ ነው። አቅም የሚሰማችሁ ጊዜና አጥንቱ የሚደክምበት ጊዜ ስለሚገጣጠሙ ነው ችግሩ።

የሕመም ዓይነት መለየት ልመዱ። ጭንና ባት ላይ ሰፋ ብሎ የሚሰማ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የሚጠፋ ሕመም የተለመደ የጡንቻ ድካም ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ ተረከዝ አካባቢ ግትር ብሎ ትንሽ ከተራመዳችሁ በኋላ የሚለቅ ከሆነ ጅማቱ ጫና በዝቶበታል፤ ሩጫውን ቀንሱ፣ የባት ማጠንከሪያ ጀምሩ፤ ሙሉ በሙሉ ማቆም ሁልጊዜ አያስፈልግም። ቅልጥም ወይም የእግር መዳፍ ላይ በአንድ ጣት ልታመለክቱት የምትችሉት ቦታ ላይ የሚያም፣ በሮጣችሁ ቁጥር የሚብስ፣ ሌሊትም የሚሰማ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «ሮጬ ላፍታታው» የሚባል ነገር የለም። አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሰዓት_ፈላጊ
እኔ መካከለኛው ነኝ። ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ50 እሮጣለሁ፤ ከዚያ በታች መግባት አቅቶኝ ቆይቻለሁ። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፤ ሁሉንም በኪሎ ሜትር ከ5 ደቂቃ ከ20 እስከ 5 ከ30 ባለው። ልፋቴ ትንሽ አይደለም። ምን ጎደለኝ? ደግሞስ በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር የሚባለው ሕግ እውነት ነው?

ዝግታ
ልፋትህ በአንድ ፍጥነት ላይ ተቀምጧል። 1 ከ50 ማለት በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ቀላል የምትለው ሩጫ ከውድድር ፍጥነትህ የሚለየው በጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። እንደ ቀላል ቀን አያሳርፍህም፤ እንደ ጠንካራ ቀን አይገፋህም።

የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ስቲቨን ሳይለር ታላላቅ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ከአምስት ልምምድ አራቱ ገደማ በዝቅተኛ ጫና የሚሠሩ ሆነው አግኝቷቸዋል። አንተ በሳምንት አራት ቀን ስለምትሮጥ ሦስቱን ቀን በኪሎ ሜትር ከ6 ደቂቃ ከ10 እስከ 6 ከ40 ባለው ሩጥ። መጀመሪያ ላይ እግርህ ይቁነጠነጣል፤ ታገሰው። አራተኛው ቀን ጠንካራ ይሁን፤ አንድ ሳምንት 5 ደቂቃ ከ5 አካባቢ በሆነ ፍጥነት ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ፈጠን ያለ አምስት ጊዜ 3 ደቂቃ። ከቀላሎቹ አንዱን ቀስ በቀስ እስከ 1 ሰዓት ከ45 አስረዝመው። በሦስት ወር ውስጥ ሰውነትህ ይነግርሃል።

ፊዚዮ
የ10 በመቶውን ነገር እኔ ልመልስ። በ2008 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ከ500 በላይ ጀማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን በ10 በመቶው ደንብ ቀስ ብሎ በሚያድግ፣ ሌላውን በፍጥነት በሚያድግ ፕሮግራም አሠልጥነው ነበር። ከሁለቱም ቡድን ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ተጎዳ፤ ልዩነት አልተገኘም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ5,000 በላይ ሯጮችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ የተሻለ ነገር አሳየ፤ አደጋው የጨመረው የሳምንቱ ድምር ሲያድግ ሳይሆን አንዱ ሩጫ ብቻውን ባለፉት 30 ቀናት ከተሮጠው ረጅሙ ከ10 በመቶ በላይ ሲበልጥ ነው።

ስለዚህ የሳምንቱን ድምር እያሰላችሁ አትጨነቁ፤ የምትጠነቀቁት በአንድ ቀን የምትዘሉትን ዝላይ ነው። ባለፈው ወር ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ የማያውቅ ሰው ጓደኞቹ ስለሮጡ ብቻ ዛሬ 20 መሮጥ የለበትም። ንጋት_ሯጭ፣ ቡድን ውስጥ ጉዳት በብዛት የሚመጣው በዚህ በር ነው።

አሮጌ_ጫማ
ልጆች፣ ብዙ ጥሩ ነገር ጽፋችኋል። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ለመጀመሪያ ማራቶን የሚዘጋጁት ሁለቱ ሰዎች ቢያንስ አንዴ 35 ኪሎ ሜትር መሮጥ አለባቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ 30ን ሳያዩ ለ42 የሚሰለፉ ሰዎች ናቸው የመጨረሻውን መንገድ በእርምጃ የሚጨርሱት። እኔ ከ60 ዓመቴ በኋላም ማራቶን እሮጣለሁ፤ በልምምድ ያላየሁትን ርቀት ውድድር ላይ አላየውም።

ዝግታ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ እከራከርዎታለሁ። እርስዎ የብዙ ዓመት እግር አለዎት። 35 ኪሎ ሜትር ግን ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ታላላቆቹ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል። በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ የሚሮጥ ጀማሪ ማራቶኒስት 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይፈጅበታል። አራት ሰዓት አስፋልት የመታ እግር ለሁለት ሳምንት ሌላ ልምምድ በአግባቡ አይሠራም፤ ከአንዱ ሩጫ ያገኘውን ትምክህት በሌሎቹ ልምምዶች ይከፍለዋል። አሰልጣኙ ጃክ ዳንኤልስ ረጅሙ ሩጫ ከ2 ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ መክሯል።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሮጡት እስከ 3 ሰዓት እፈቅዳለሁ፤ ያውም ከውድድሩ ከሦስት ሳምንት በፊት የመጨረሻው እንዲሆን። የጎደለውን የምሞላው በሌላ መንገድ ነው። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከሩብ ቀላል ሩጫ፣ እሑድ በደከመ እግር ረጅሙ ሩጫ። እግሩ የማራቶኑን መጨረሻ ስሜት ይማራል፤ ጫናው ግን ተከፋፍሎ ይመጣል።

አሮጌ_ጫማ
የሁለቱን ቀን ነገር ወድጄዋለሁ፤ እኛም በጊዜያችን ስም ሳንሰጠው እናደርገው ነበር። ሦስት ሰዓት ካልክ ብዙ አልተራራቅንም። ግን ያ ሦስት ሰዓት በውድድሩ ቀን ጫማ፣ በውድድሩ ቀን ልብስ፣ በውድድሩ ቀን በሚወሰደው ጀል (እየሮጡ የሚዋጥ ጣፋጭ ዝልግልግ ምግብ) እና መጠጥ ይሁን። ሰው እግሩን አሠልጥኖ ሆዱን ሳያሠለጥን ይመጣል።

ሌላ የምለው በዕድሜ ለገፉት ነው። ካናዳዊው ኤድ ዊትሎክ በ73 ዓመቱ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ገብቷል፤ በ85 ዓመቱ ደግሞ በ3 ሰዓት ከ56። ልምምዱ በአብዛኛው በዝግታ የሚሮጥ ረጅም የዕለት ሩጫ ነበር፤ ለፍጥነቱ ውድድሮችን ይጠቀም ነበር። ይህን ስነግራችሁ ሁሉም ሰው በቀን ሦስት ሰዓት ይሩጥ ማለቴ አይደለም። ዕድሜ ሲጨምር የሚቀድመው ከጠንካራው ቀን በኋላ ያለው ዕረፍት ነው፤ ወጣቱ አንድ ቀን ካረፈ እኛ ሁለት እናርፋለን። ክብደት ማንሳትም አንተውም፤ ጡንቻ ካልጠበቁት ይሄዳል።

ዳገቱ
ስለ ቡድኑ አንድነት ጥያቄው የኔን ልብ ነክቷል። ጠንካራውን ቀን ዳገት ላይ አድርጉት። ወደ 60 ሰከንድ የሚፈጅ ዳገት ፈልጉ። ሁሉም በራሱ አቅም ይውጣ፤ ሲወርዱ በእርምጃ ወይም በሶምሶማ ይውረዱ፤ ታች ላይ ሁሉም ይገናኛል። ጀማሪው አራት ጊዜ፣ ግማሽ ማራቶን ሯጩ ስምንት፣ የማራቶኑ አሥር። የጨረሰው ቆሞ ሌላውን ያበረታታል። ዳገት ላይ እግር መሬትን የሚመታበት ኃይል ከሜዳ ይቀንሳል፤ ልብና ጡንቻ ግን በደንብ ይሠራሉ። ጀማሪ ሜዳ ላይ ኢንተርቫል (በዕረፍት የተቆራረጠ ፈጣን ሩጫ) ሮጦ ቋንጃው ከሚሳሳብ ዳገት ላይ ቢለፋ እመርጣለሁ። ቁልቁለቱን ግን አያፍጥኑት፤ ጭን የሚያደቀው እሱ ነው።

ንጋት_ሯጭ
ዳገቱ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እናደርገዋለን። ጋሼ፣ ዝግታ፣ ክርክራችሁ ብዙ አስተማረኝ።

ማራቶን ከሚሮጡት ሁለቱ አንዷ ግማሹን በ1 ከ50 ነው የምትገባው። ሙሉውን በ3 ከ40 አስባለች፤ ግማሹን በሁለት አባዝታ ማለት ነው። ይሆናል?

ዝግታ
አይሆንም፤ አሁኑኑ ንገራት። ፒት ሪጀል የሚባል መሐንዲስ ያወጣው የታወቀ ቀመር አለ፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ሰዓቱ በእጥፍ ሳይሆን በ2.085 ገደማ ይባዛል። 110 ደቂቃ ወደ 229 ይመጣል፤ 3 ሰዓት ከ49። ይህም ለማራቶን በቂ ኪሎ ሜትር ላጠራቀመ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሮጥ ከሆነ 4 ሰዓትን አስባ ትነሳ፤ አቅም ከተረፋት ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ታውጣው።

ታላላቆቹም ማራቶንን የሚሮጡት እንዲህ ቆጥበው ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ፈጥኗል። በዚያው ዓመት ኬልቪን ኪፕተም ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ሲገባ የመጀመሪያውን ግማሽ በ60 ደቂቃ ከ48፣ ሁለተኛውን በ59 ከ47 ነው የሮጠው። ትዕግሥት ደግሞ በሪዮ ኦሎምፒክ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች፤ ከዚያ ወደ ማራቶን ክብረ ወሰን ለመድረስ ዓመታት ወስዶባታል። ጓደኛህ አራት ወር ነው ያላት።

ፊዚዮ
ስለ ውድድሩ ቀን ሦስት ነገር ልበል፤ እባካችሁ ለሁለቱ አስተላልፉላቸው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚሮጥ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል፤ ሲደክም ሳይሆን ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምሮ። ውኃ ደግሞ እንደ ጥማታቸው ይጠጡ። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶው በደማቸው ያለው ሶዲየም (ጨው) ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ለዚህ ትልቁ ምክንያት ከላባቸው በላይ መጠጣታቸው ነበር። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው በየጣቢያው ቆሞ የመጠጣት ጊዜ ስላለው እሱ ነው የበለጠ የሚጋለጠው። ሦስተኛው፣ ሕመም ይቀንስልኛል ብለው ኢቡፕሮፌን ውጠው እንዳይሮጡ፤ ኩላሊት በዚያን ቀን ያለበት ጫና ይበቃዋል።

ለሴቶቹ ለብቻ የምለው አለኝ። ልምምድ ሲጨምር የወር አበባ ከተዛባ ወይም ከቀረ «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ብዙ ጊዜ ሰውነት ለሚያወጣው ጉልበት የሚበቃ ምግብ እያገኘ አለመሆኑን የሚናገርበት መንገድ ነው፤ አጥንትም አብሮ ይሳሳል። ሐኪም ይዩ፤ የብረት መጠናቸውንም ያስመርምሩ።

ሰዓት_ፈላጊ
ዝግታ ያልከኝን ዛሬ ሞከርኩት። 6 ከ30 ላይ መሮጥ ከባድ ነው፤ ግን ጨርሼ ስመጣ ሌላ ጊዜ እንደማደርገው ሶፋ ላይ አልወደቅኩም። ከውድድሩ በፊት ልምምድ የሚቀነስበት ማቅለያው ሳምንትስ ለሁላችን አንድ ነው?

ዝግታ
ጎበዝ፤ ያ ስሜት ትክክለኛው ነው። ማቅለያው አንድ አይደለም። ለማራቶኑ ሁለት ሳምንት፤ ድምሩን ወደ ግማሽ ገደማ አውርዱ፤ ፍጥነቱን ግን አትተዉት። አጭር ፈጣን ሩጫ ሳይኖር ዝም ብሎ የተኛ እግር በውድድሩ ቀን ይደነዝዛል። ለአንተ ለግማሽ ማራቶኑ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃል። ለ5 ኪሎ ሜትሮቹ የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ቀናት ማቅለል ብቻ በቂ ነው።

በዚህ ጊዜ እንቅልፍ ይጨምር። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ልምምድ፣ «ያለፈኝን ላካክስ» የሚል ረጅም ሩጫ አይኑር። ባለፉት ወራት ያልተሠራ ነገር በእነዚህ ቀናት አይገኝም።

ጀማሪዋ
አንድ ደቂቃ በሁለት ደቂቃውን ጀመርኩ፤ ስምንቱንም ጨረስኩ! ከውድድሩ በፊት 5 ኪሎ ሜትሩን አንዴ ሙሉውን መሮጥ አለብኝ ወይስ ለዕለቱ ላቆየው?

ዝግታ
ደስ ይላል! ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰዓት ሳትይዢ፣ እርምጃ እየቀላቀልሽም ቢሆን አንዴ ሸፍኚው። በዕለቱ ደግሞ ከመነሻው መስመር ኋላ ቁሚ። ፊት የቆመ ጀማሪ ከፈጣኖቹ ጋር ተገፍቶ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከአቅሙ በላይ ይሮጣል።

አሮጌ_ጫማ
ልጄ፣ የውድድር ቁጥርሽን ደረትሽ ላይ በአራቱም ማዕዘን አጥብቀሽ አያይዢው፤ የጫማሽን ማሰሪያም ሁለቴ ቋጥሪው።